የታቦር ግርጌ ነጭ ወይን

የታቦር ግርጌ ነጭ ወይን በሰሜን እስራኤል፣ በታቦር ተራራ ዙሪያ ባሉ የታችኛው ገሊላ ኮረብታዎች ላይ ከሚለሙ ወይኖች፣ በተለይም ሶቪኞን ብላንና ሻርዶኔ ከተባሉት ዝርያዎች የሚጠመቅ ነው። ለአካባቢው ዋናዋ የገበያ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1925 የተቆረቆረችው አፉላ ናት።

አፉላ ራሷ ግን ወይን አታበቅልም። ከተማዋ የተቀመጠችበት የይዝራኤል ሸለቆ አፈር ጥቁርና ከባድ ነው፤ የኢትዮጵያ ገበሬ ቢያየው መረሬ ይለዋል። ስንዴ፣ ጥጥና ሱፍ ይስማሙታል፤ የአፉላ የሱፍ ቆሎም በመላ አገሪቱ የታወቀ ነው። የወይን ሥር ውሃ ሲተኛበት ስለማይወድ ተክሉ ወደ ዳገቱ ሸሽቷል።

በ1901 በተመሠረተችው ክፋር ታቦር መንደር የሚገኘው የታቦር ወይን መጥመቂያ ሥራ የጀመረው በ1999 ነው። ባለቤቱ በእስራኤል ኮካ ኮላን የሚያሽገው ኩባንያ ነው። መጥመቂያው ከሚታወቅባቸው ነገሮች አንዱ «አዳማ» የተሰኘው ተከታታይ ምርቱ ነው፤ በዕብራይስጥ አፈር ማለት ሲሆን፣ ወይኑ የበቀለበት መሬት ኖራማ ይሁን ባዛልት ጠርሙሱ ላይ ይጻፋል። የነጭ ወይን ለቀማ የሚጀምረው በነሐሴ ገደማ ነው፤ አገር ቤት ልጆች የደብረ ታቦርን በዓል በጅራፍና በሙልሙል የሚያከብሩበት ወቅት መሆኑ ነው። ቀኑ ስለሚያቃጥል ፍሬው ብዙ ጊዜ በሌሊት ይለቀማል፤ ቀዝቅዞ ካልገባ መዓዛው ይጠፋል።

በአይሁድ ሕግ በሙቀት ያልፈላ ወይን ኮሸር (ለአይሁዳዊ የተፈቀደ) የሚሆነው ከጭመቃው ጀምሮ ሰንበት አክባሪ አይሁዳዊ ብቻ ከነካው ነው። ይህ ደንብ በ2018 ቤተ እስራኤልን፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዶችን፣ ያስቆጣ ነገር ወልዷል፦ በሌላ የአገሪቱ ክፍል የሚገኘው ባርካን መጥመቂያ፣ አይሁድነታቸውን ከሚጠራጠር አክራሪ አካል የኮሸር ማረጋገጫ ለማግኘት ሲል ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችን ወይኑን ከሚነኩበት ሥራ ማንሳቱ ተሰማ። የወቅቱ የሴፋርዲ ዋና ረቢ ይስሐቅ ዮሴፍ ድርጊቱን ዘረኝነት ነው ብለው አወገዙት።

ምግቡን በተመለከተ፣ በአፉላ መሀል ከተማ ቀዳሚው በዘይት የሚጠበሰው የሽምብራ ድቡልቡል፣ ፈላፈል ነው። የሶቪኞን ብላን ኮምጣጣነት የመጥበሻውን ዘይት ከምላስ ላይ ያጥባል፤ ሎሚ ከተጨመረበት የሰሊጥ ጣሂናም ጋር አይጣላም። የኪኔሬት ሐይቅ ዓሣ ሙሽትም ይስማማዋል፤ የጣና ቆሮሶ ዘመድ ነውና ጣዕሙ ለሐበሻ እንግዳ አይሆንም። በበርሜል የቆየ ሻርዶኔ ግን ለዓሣው ይከብዳል፤ ለተጠበሰ ዶሮ ይሻላል።

ቤተ እስራኤልን ወደ አገሪቱ ካመጡት ከ1984ቱ የሙሴ ዘመቻና ከ1991ዱ የሰሎሞን ዘመቻ ወዲህ እንጀራም የአፉላ ማዕድ ሆኗል። ጥያቄው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያባብሳል፤ ስለዚህ 13 ወይም 14 በመቶ አልኮል ያለው ደረቅ ወይን ከዶሮ ወጥ ጋር ሲቀርብ አፍ ይለበልባል። ከፊል ጣፋጭ የሆነ፣ በደንብ የቀዘቀዘ ጌቩርትስትራሚነር የተባለው ነጭ ወይን ግን በርበሬውን ያበርደዋል። የኮሸርን ሕግ በሚጠብቅ ቤት ዶሮው የሚሠራው በዘይት እንጂ በቅቤ ስላልሆነ ወጡ ቀለል ይላል፤ ይህም ለነጭ ወይን ይመቻል። ለአልጫ፣ ለጎመንና ለድንች ደረቁ ሶቪኞን ብላን ይበቃል። ቀይ ወይን የግድ ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን የቀይ ወይን የሚያኮማትር ጣዕም ከሚጥሚጣ ጋር ሲገናኝ ሁለቱም ይበላሻሉ።

ጠጅ በዚህ ማዕድ ላይ ቦታው አይነካም፤ ግን የሰንበት መግቢያ ቡራኬ የሆነው ቂዱሽ በተለምዶ አይባረክበትም፤ የወይን ቡራኬ ለወይን ፍሬ ብቻ ነውና። ቂዱሹ በወይን ይደረጋል፤ ጠጁ ከወጡ ጋር ይከተላል።

አብዛኞቹ የአካባቢው ነጭ ወይኖች በወጣትነታቸው፣ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ቢጠጡ ይመረጣል። የሚቀርቡትም ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ቀዝቅዘው ነው፤ በሸለቆው የበጋ ሙቀት ጠርሙሱ በረዶ ውስጥ ካልቆመ ወጡ ሳያልቅ ይሞቃል።