የበገና ትምህርት ከጎረቤት ደጅ እስከ ወጣቶች ጉባኤ

ታሪክ ጻፉ ስንባል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የሚታሰበን የዓድዋ ጦርነት፣ የነገሥታት ዘመን ቁጥር ወይም የጎንደር ግንብ ነው። ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ለትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት አንድ የታሪክ ጽሑፍ እንድናቀርብ በታዘዝን ጊዜ እኛ የአንድ ክፍል ተማሪዎች ተመካክረን ሌላ ዓይነት ታሪክ መረጥን። ይኸውም የበገና ትምህርት ታሪክ ነው። አንድ የሙዚቃ መሣሪያ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር እንዴት ሲተላለፍ እንደ ኖረ፣ በመካከል እንዴት ሊቋረጥ እንደ ተቃረበ፣ በኋላም ወጣቶች ተሰብስበው በመማር እንዴት እንዳነሡት ለአንባቢዎቻችን ባጭሩ እንገልጻለን። በጽሑፋችን ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተመለከቱ ናቸው።

ይህን ርእስ እንድንመርጥ ያደረገን ምክንያት አለ። ከመካከላችን አንዳንዶቹ ከትምህርት ሰዓት ውጭ ክራርና በገና መማር ጀምረዋል። ነገሩን ለቤተ ሰባቸው በነገሩ ጊዜ ግን ያገኙት መልስ አንድ ዓይነት አልነበረም። አንዱን አባቱ መርቀው የመማሪያውን ዋጋ ሰጡት። ሌላውን ደግሞ፣ «እኔ ያስተማርሁህ አዝማሪ እንድትሆንልኝ ነውን?» ብለው ገሠጹት። ሁለቱም አባቶች ለልጆቻቸው ደግ አሳቢዎች ናቸው። እንግዲህ አውታር መምታትን አንዱ እንደ በረከት፣ ሁለተኛው እንደ ውርደት እንዲያዩት ያደረጋቸው ምንድን ነው ብለን ጠየቅን። መልሱን ያገኘነው ከታሪክ ውስጥ ነው።

በአገራችን ደጋማ ክፍል በይበልጥ የታወቁት ባለ አውታር መሣሪያዎች ሦስት ናቸው። መሰንቆ አንድ አውታር ብቻ ያለው ሆኖ በደጋን ይመታል፤ አውታሩም የደጋኑም ገመድ ከፈረስ ጭራ ይሠራል። ክራር አምስት ወይም ስድስት አውታሮች አሉት። በገና ግን ዐሥር አውታር ያለውና ከሁሉም ግዙፍ የሆነው ነው። ተቀምጦ የሚደረድረው ሰው ሲያቅፈው እስከ ራሱና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ሁለት ምሰሶዎች አሉት፤ በላያቸው ቀንበር ይጋደምባቸዋል፤ በግርጌውም በቆዳ የተለበጠ የእንጨት ገበቴ አለ። አውታሩ የሚሠራው ከበግ አንጀት ነው። አንጀቱ ታጥቦና ተፍቆ ይከረራል፤ ከዚያም ተወጥሮ ይደርቃል።

የበገናን ድምፅ ከሌላው ሁሉ የሚለየው ግን እንዚራ የሚባለው ነገር ነው። እንዚራ ማለት በእያንዳንዱ አውታርና አውታሩ በሚያርፍበት በብርኩማው መካከል የምትገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ናት። ይህች ቁራጭ በልክ ስትገባ አውታሩ ሲነካ እንደ ንብ መንጋ ይተማል። ጥቂት ወደዚህ ወይም ወደዚያ ፈቀቅ ካለች ግን ድምፁ ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ ጀማሪ ተማሪ መዝሙር ከመማሩ በፊት በእንዚራ ትዕግሥቱ ይፈተናል።

ሌላም የሚያስደንቅ ነገር አለ። አውታሮቹ ዐሥር ቢሆኑም በተለመደው አደራደር ሁሉም አይመቱም። አንደኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ስድስተኛው፣ ስምንተኛውና ዐሥረኛው ድምፅ ሲሰጡ የቀሩት ለጣቶች ማረፊያ ይሆናሉ። አባቶች ግን ዐሥሩን አውታሮች በዐሥርቱ ትእዛዛት ይመስሉአቸዋል፤ ሁለቱንም ምሰሶዎች በቅዱስ ሚካኤልና በቅዱስ ገብርኤል ይተረጉሙአቸዋል። በትውፊት እንደሚነገረው በገና የንጉሥ ዳዊት መሣሪያ ነበር፤ ወደ ኢትዮጵያም የመጣው በቀዳማዊ ምኒልክ ጊዜ ነው ይባላል።

ክብሩ ከዚህ ትውፊት የመነጨ ስለ ሆነ በገና በጠጅ ቤትና በሰርግ አልተደረደረም። በቅዳሴ ጊዜም አይገባም። ቦታው መኖሪያ ቤት ነው። በተለይም በዓቢይ ጾም ከበሮውና ጭብጨባው ዝም ሲል በየቤቱ እየተደረደረ ስለ ሞት፣ ስለ ዓለም ከንቱነትና ስለ ቅዱሳን ገድል ይዜምበት ነበር። መኳንንትና ወይዛዝርትም ይማሩት ነበር፤ እቴጌ ጣይቱ ብጡል እንኳ በገና ይደረድሩ እንደ ነበር ይነገርላቸዋል። እንግዲህ የመጀመሪያው አባት ልጃቸውን የመረቁት ይህን ክብር አስበው ነው።

የመሰንቆና የክራር ዕድል ግን ሌላ ነበር። አዝማሪ ሙያውን ከአባቱ ወይም ከዘመዱ ተምሮ ከአገር አገር እየዞረ የሚኖር ሰው ነበር። ሕዝቡ ግጥሙን ሲሰማ ይስቃል፤ ይሸልመዋል። ልጁን ለአዝማሪ ለመዳር ግን አይወድም ነበር። ይህ ንቀት ምን ያህል ግፍ እንደ ነበረ ለመረዳት የፋሺስት ወረራ ዘመንን ማስታወስ ይበቃል። ጠላት በ1937 በአዲስ አበባ ሕዝቡን ከፈጀ በኋላ በየመንደሩ እየዞሩ የሚዘፍኑትንና ትንቢት የሚናገሩትን ሰዎች እያሳደደ አስገደላቸው፤ ወሬንና የአርበኝነትን ስሜት ከቦታ ወደ ቦታ ያደርሳሉ ብሎ ስለ ፈራቸው ነው። ጠላት የፈራውን ሰው የገዛ ወገኑ መናቁ አያሳዝንምን? ሁለተኛው አባት ልጃቸውን የገሠጹት ይህ የቆየ ንቀት ወርሶአቸው ነው እንጂ ሙያው በእርግጥ ነውር ኖሮበት አይደለም።

አሁን ወደ ትምህርቱ እንመለስ። በቀድሞው ዘመን የበገና ትምህርት ቤት የሚባል አዳራሽ አልነበረም። ተማሪው ወደ አዋቂው ቤት ይሄዳል፤ ፊት ለፊት ተቀምጦ የጣቶቹን አካሄድ ያያል፤ ድምፁን ይሰማል፤ ሲፈቀድለትም እሱው መሣሪያ ላይ ይሞክራል። የተጻፈ ነገር የለም። መጽሐፉ የመምህሩ እጅ ነው። ይህ አሠራር ጥልቅ ዕውቀት ያስገኛል፤ ነገር ግን አንድ ታላቅ ድካም አለበት። መምህሩ ሳያስተምር ከሞተ ዕውቀቱ አብሮት ይቀበራል።

በ1960ዎቹ ዓመታት ይህን ችግር ለማቃለል በአዲስ አበባ ጥሩ ጅምር ታየ። በ1963 በግብፅ የተወለደው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ በዚያን ጊዜ በነበረው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ የተባለውን ቡድን አቋቋመ። ቀድሞ በየብቻቸው ወይም በየአካባቢያቸው ይመቱ የነበሩ መሰንቆ፣ ክራር፣ በገና፣ ዋሽንትና ሌሎችም በአንድ መድረክ ተሰበሰቡ። ቡድኑ በኋላ በተስፋዬ ለማ መሪነት ሠራ፤ በ1969ም ወደ አሜሪካ ተጉዞ የአገራችንን አውታሮች ለባዕድ አገር ሕዝብ አሰማ። በዚሁ ዘመን በቅዱስ ያሬድ ስም የተሰየመው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። በዚያም ፒያኖና ቫዮሊን ከክራርና ከመሰንቆ ጋር ጎን ለጎን ይሰጡ ጀመር። አንድ ወጣት የመሰንቆ ተማሪ ነኝ ብሎ ደብተሩን ይዞ መሄዱ ለንቀቱ የመጀመሪያው መልስ ነበር።

የበገናን ጉዞ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየን ግን የአንድ ሰው ታሪክ ነው። አቶ ዓለሙ አጋ በ1950 በእንጦጦ ተወለዱ። የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ አለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተባሉ የበገና ሊቅ የቤተ ሰባቸው ጎረቤት ሆኑ። ልጁ ዓለሙ ድምፁን ሰምቶ ወደደው፤ ከእኚሁ ጎረቤት ዘንድም ተማረ። በኋላ በዩኒቨርሲቲ የጂኦግራፊ ትምህርት አጠኑ። በ1972 በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የበገና መምህር ሆኑ፤ በዚያው ዓመትም የሙዚቃ ተመራማሪዋ ሲንትያ ኪምበርሊን ለዩኔስኮ የድምፅ ስብስብ አደራደራቸውን ቀዳች። እነሆ ከጎረቤት ደጅ የተገኘው ዕውቀት በመንግሥት ትምህርት ቤት ወንበር አገኘ፤ ወደ ዓለምም ተሰማ።

ነገር ግን ይህ ደስታ አልቆየም። በ1974 ደርግ ሥልጣን ከያዘ በኋላ ሃይማኖታዊ ነገር ሁሉ እንደ ኋላ ቀርነት ይታይ ጀመር። በገናም ከሬዲዮ ጠፋ። በጾም ወራት ድምፁን በሬዲዮ ለመስማት የለመደው ሕዝብ አጣው። ኦርኬስትራ ኢትዮጵያም በ1975 ተበተነ። በ1980 ደግሞ አቶ ዓለሙ ከያሬድ ትምህርት ቤት ወጡ፤ የበገናውም ትምህርት ተቋረጠ። በዚህ ጊዜ ያረጁት አዋቂዎች አንድ በአንድ ያልፉ ነበር፤ የሚተኩአቸው ወጣቶችም ጥቂት ነበሩ። አንድ የትምህርት ክፍል ተዘጋ ማለት ለሌላው ትምህርት ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል፤ መጽሐፉ በመደርደሪያ ላይ ይቆያልና። መጽሐፉ የሰው እጅ ለሆነ ትምህርት ግን የክፍሉ መዘጋት የመጽሐፍ ቤት መቃጠል ያህል ነው።

ታዲያ በገናን ያቆየው ምንድን ነው? እኛ እንደ ተረዳነው ያቆየው መጀመሪያ የተማረበት ቦታ፣ ማለት መኖሪያ ቤቱ ነው። አዋቂዎቹ በየቤታቸው መደርደራቸውን አልተዉም። አቶ ዓለሙም ከትምህርት ቤት ቢወጡ ከበገናቸው አልተለዩም፤ አደራደራቸው ኢትዮጲክስ በሚባለው የሙዚቃ ቅጂ ተከታታይ በ11ኛው ክፍል ወጥቶ ዛሬ በብዙ አገር ይሰማል።

ከ1991 የመንግሥት ለውጥ በኋላ በሩ እንደ ገና ተከፈተ። በተለይ ከ2000 ወዲህ በአዲስ አበባ ያሉ ወጣቶች በገናን በብዛት ይማሩ ጀመር። በሰንበት ትምህርት ቤቶች፣ በማኅበራትና በማታ ትምህርት ክፍሎች ወንዶችና ሴቶች ልጆች አብረው ተቀምጠው ይማራሉ። ቀድሞ አንድ መምህርና አንድ ተማሪ ብቻ በነበሩበት ዛሬ በአንድ ክፍል ውስጥ ብዙ በገናዎች በግድግዳ ላይ ተደግፈው ይታያሉ። መምህሩ ጣቶችን በቁጥር ሰይሞ በሰሌዳ ይጽፋል፤ ተማሪዎቹም ቁጥሩን እያነበቡ በአንድነት ይለማመዳሉ። ከመካከላችን የሚማሩት እንደ ነገሩን የመጀመሪያው ሳምንት የሚያልፈው እጅን በማሳመም፣ እንዚራን በማስተካከልና «ቃኙልኝ» በማለት ነው። አንድ ቀን ግን ክፍሉ በሙሉ በአንድ ቅኝት ሲተም ወለሉ ራሱ የሚናገር ይመስላል፤ ከዚያ በኋላ ማንም መቅረት አይፈልግም።

ይህ አዲስ አሠራር ያለ ጥያቄ አልቀረም። አንዳንድ ታላላቅ ሰዎች፣ «በቁጥር የተማረ ልጅ ጣቱን እንጂ ጆሮውን አያስተምርም፤ በገና በብዛትና በችኮላ የሚማሩት አይደለም» ይላሉ። ቃላቸው እውነት አለው። በገና ሰው ብቻውን ሆኖ ከፈጣሪው ጋር የሚነጋገርበት መሣሪያ ነውና በጉባኤ መማር ጠባዩን ሊለውጠው ይችላል። ነገር ግን ታሪኩ ያሳየንን አንርሳ። ዕውቀቱ በጥቂት ሰዎች እጅ ብቻ በነበረ ጊዜ አንድ ትእዛዝ ሊያጠፋው ተቃርቦ ነበር። ዛሬ ግን በብዙ ወጣቶች እጅ ስለ ሆነ በአንድ ቀን የሚጠፋ አይደለም። ስለዚህ እንደ አሳባችን ሁለቱን ማስማማት ይሻላል፤ ቁጥሩ መነሻ ይሁን፤ ጆሮውን ግን ተማሪው ከአዋቂው ፊት ተቀምጦ ይቅረጸው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ ያገኘነውን ትምህርት ለአንባቢዎቻችን አቅርበን ጽሑፋችንን እንፈጽማለን።

ውድ ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ መሰንቆ ወይም ክራር ልማር ቢላችሁ የቀድሞውን ንቀት አታስቡበት። ጣቱን ለአውታር ያስለመደ ልጅ ትዕግሥትን፣ ሰዓት ማክበርንና ሌላውን መስማትን ይማራል። የሒሳብ ደብተሩን የሚያስጥለው ስንፍና ነው እንጂ ክራሩ አይደለም።

ክቡራን መምህራኖቻችን ሆይ፤ ከመማሪያ ክፍሎቻችን አንዱ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ለአውታር ትምህርት ቢፈቀድልን፣ በሰፈራችንም ያሉ አዋቂዎች መጥተው እንዲያስተምሩን ቢጋበዙልን፣ ብዙ ወጪ ሳይጠይቅ ታላቅ ጥቅም ይገኝበታል ብለን እናምናለን።

እናንተም ጓደኞቻችን፤ በየሰፈራችሁ በገና የሚደረድሩ፣ መሰንቆ የሚመቱ፣ ወይም እንዚራ ቆርጠው የሚያበጁ ሽማግሌ ካሉ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ሰላምታ ስጡአቸው፤ ከፊታቸውም ተቀመጡ። አንድ የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ የጎረቤቱን ደጅ ባይረግጥ ኖሮ ዛሬ የምንሰማው ድምፅ ምን ያህል በጎደለ ነበር! የሚቀጥለውን በዓል ስናከብር ይህን ታሪክ በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በራሳችን እጅ ደርድረን እንድናሰማችሁ ተስፋ እናደርጋለን።