ጆሮ ደግፍና የምራቅ ቧንቧ

«ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ስም ያወጣው ሰው በሽታውን በሚገባ የተመለከተ ለመሆኑ አያጠራጥርም። ከጆሮ በፊትና በታች የሚገኘው ትልቁ የምራቅ ዕጢ ሲያብጥ የጆሮውን ጫፍ ከሥሩ ደግፎ ወደ ላይ ያነሣዋልና። የግሪኩ ሐኪም ሂፖክራተስም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት ስለ ታሶስ ደሴት ሲጽፍ፣ በጆሮ አጠገብ የሚወጣውንና አንዳንዴ የወንዶችን የዘር ፍሬ የሚያሳብጠውን ይህንኑ ሕመም ገልጾታል።

ይሁን እንጂ ከጆሮ ሥር ያበጠ ሁሉ ጆሮ ደግፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1660 ኒልስ ስቴንሰን የተባለ የዴንማርክ ተወላጅ ተማሪ በአምስተርዳም የበግ ራስ ሲመረምር፣ ከዕጢው ተነሥቶ ወደ ጉንጭ ውስጥ የሚዘልቅ ቧንቧ አገኘ። በሰው ላይ ርዝመቱ 5 ሴንቲሜትር ያህል ነው። ፍሰቱ የደከመ መስመር ደለል እንደሚይዝ ለመሐንዲስ መንገር አያሻም። ምራቅም እንዲሁ በወረደ ቁጥር ቧንቧውን ያጥባል፤ ሰውነት ውሃ ሲያጣ ግን ፍሰቱ ይቀንስና የአፍ ባክቴሪያዎች ሽቅብ ወጥተው ዕጢውን መግል ያስቋጥሩታል።

የዚህ ሁለተኛው ሕመም ስመ ጥር በሽተኛ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ ነበሩ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1881 በጥይት ቆሰሉ፤ ሐኪሞቹም ባልታጠበ ጣት ቁስሉን ደጋግመው ፈተሹ። መብላት ተስኗቸው ከመነመኑ በኋላ በነሐሴ ወር የቀኝ የምራቅ ዕጢያቸው አብጦ መግል ያዘ። መስከረም 19 ቀን አረፉ። ለሞታቸው ምክንያት ዕጢው ብቻ ነበር ማለት አይቻልም፤ የሰውነታቸውን መድረቅ ግን አስቀድሞ ተናግሯል።

የጆሮ ደግፍ መንሥኤ ቫይረስ መሆኑን ጆንሰንና ጉድፓስቸር እ.ኤ.አ. በ1934 አረጋገጡ፤ ሞሪስ ሂልማን ከገዛ ልጁ ጉሮሮ ከወሰደው ናሙና ያዘጋጀው ክትባትም በ1967 ተፈቀደ።

በወላይታ ዘመናዊ ሕክምና የተተከለው እ.ኤ.አ. በ1928 ሶዶ በገቡት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ነው፤ የፋሺስት ወራሪ በ1937 አስወጣቸው። ኦቶና የሚባለው ሆስፒታል ዛሬ የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ ነው። የኢትዮጵያ የክትባት ፕሮግራም በ1972 ዓ.ም. ሲጀመር በስድስት በሽታዎች ላይ ያተኮረ ሲሆን ጆሮ ደግፍ ከነዚያ አልነበረም። ስለዚህ ያበጠ ጉንጭ በእናቶች ዓይን የሚለይበት አገር ነው። ልጁ እየጠጣና እየተጫወተ ከሆነ እብጠቱ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀን ገደማ ይጎድላል፤ አልፎ አልፎ ግን መስማት ይነሣል። በ1977 ዓ.ም. እንደታየው ያለ የረሃብ ዘመን ደግሞ ሦስተኛ ግራ መጋባት ያመጣል፤ የምግብ እጦት ብቻውን፣ ያለ አንዳች ተላላፊ ሕመም፣ ዕጢውን ሊያሳብጠው ይችላልና።

የሚያስፈራው ትኩሳት የያዘው፣ ብዙ ያስቀመጠው ወይም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ውሃ ያልቀመሰ አረጋዊ ነው። ሐኪሙ ዕጢውን ከውጭ ሲጫን፣ ከላይኛው ሁለተኛ መንጋጋ ጥርስ ትይዩ ካለችው ቀዳዳ መግል ብቅ ካለ ጆሮ ደግፍ አይደለም፤ ፈሳሽና ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት በዚያኑ ዕለት መጀመር አለበት።