የቅንጡ ቤት ግንበኞችና የአርክቴክቶች ዲጂታል ማርኬቲንግ

የቅንጡ ቤት ግንበኞችና የአርክቴክቶች ዲጂታል ማርኬቲንግ በትእዛዝ የሚሠሩ ውድ መኖሪያ ቤቶችን የሚነድፉ አርክቴክቶችና የሚገነቡ ሥራ ተቋራጮች ሥራቸውን ለደንበኛ በኢንተርኔት የሚያስተዋውቁበት አሠራር ነው። ዋና ዋና መንገዶቹ ድረ ገጽ፣ የኢንተርኔት ፍለጋ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ ኢሜይልና የሚከፈልበት ማስታወቂያ ናቸው። ከብዙ የኢንተርኔት ንግዶች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፦ ደንበኛው ውል ሲፈርም የሚገዛው ቤት ገና አልተሠራም። ስለዚህ ግንበኛው ሊያሳይ የሚችለው ከዚህ በፊት ለሌላ ሰው የሠራውን ነው፤ የማስታወቂያው ዋጋም ያ ሥራ በእውነት የእርሱ በመሆኑና በምስሉ እንደሚታየው በመሆኑ ላይ ይቆማል።

ይህ መጣጥፍ በተለይ የአሜሪካን ልምድ ይመለከታል። «ዓ.ም.» ከተባሉት በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የገበያው ጠባይ

ጫማ ወይም ስልክ የሚሸጥ ነጋዴ በሺህ የሚቆጠሩ ገዢዎች ያስፈልጉታል። በትእዛዝ ቤት የሚነድፍ አነስተኛ የአርክቴክት ቢሮ ግን በዓመት ጥቂት ሥራዎች ካገኘ ይበቃዋል። አንድ ትልቅ መኖሪያ ቤት ከመጀመሪያው ውይይት እስከ ቁልፍ ርክክብ ድረስ ብዙ ጊዜ ከ2 ዓመት በላይ ይወስዳል። አብዛኛው ደንበኛ እንዲህ ያለ ቤት የሚያሠራው በሕይወቱ አንዴ ወይም ሁለቴ ስለሆነ የቀድሞ ደንበኛ ተመልሶ እንዲገዛ መጠበቅ አይቻልም። ስሕተት ቢፈጠር ደግሞ ኪሳራው ከባድ ነው።

በዚህ ምክንያት የሰው ጥቆማ በዚህ ሙያ እስከ ዛሬ ትልቅ ቦታ አለው። ደንበኛው ስለ አንድ አርክቴክት መጀመሪያ የሚሰማው ከጎረቤት፣ ከወዳጅ ወይም ከመሬት ደላላ ሊሆን ይችላል። ሆኖም ስልክ ከመደወሉ በፊት የቢሮውን ስም በኢንተርኔት ይፈልጋል፤ የተሠሩ ቤቶችን ያያል፤ የሌሎች ደንበኞችን አስተያየት ያነባል። ስለዚህ የዲጂታል ማርኬቲንግ የመጀመሪያ ሥራ በሰው አፍ የተነገረውን ጥቆማ ማረጋገጥ ነው። አዲስ ሰው መሳብ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።

ታሪክ

ማስታወቂያ የተከለከለበት ዘመን

በአሜሪካ የአርክቴክት ሙያ ፈቃድን በሕግ በመደንገግ ቀዳሚዋ በ1897 የኢሊኖይ ግዛት ነበረች። በ1857 የተመሠረተው የአሜሪካ አርክቴክቶች ተቋም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ማስታወቂያ ማስነገርን ለአባላቱ ከለከለ። ሐሳቡ አርክቴክት እንደ ሐኪምና እንደ ጠበቃ በሙያው ክብር እንጂ በገበያ ጩኸት መታወቅ የለበትም የሚል ነበር። ቤት ሻጮችና ግንበኞች ግን ይህ ገደብ አልነበረባቸውም። ለምሳሌ ሲርስ የተባለው የንግድ ድርጅት ከ1908 እስከ 1940 ድረስ የቤት ንድፍና የግንባታ ዕቃ በካታሎግ እያስተዋወቀ በፖስታ ትእዛዝ ይሸጥ ነበር።

አርክቴክቶች ክልከላውን ሳይጥሱ ለሕዝብ የሚታዩበት መንገድ መጽሔት ሆነ። አንድ አዘጋጅ ንድፉን መርጦ ቢያትመው የተከፈለበት ማስታወቂያ አይባልም። ፍራንክ ሎይድ ራይት በ1901 በሴቶች መጽሔት «ሌዲስ ሆም ጆርናል» ላይ ለሜዳማው የመካከለኛው ምዕራብ አገር የሚስማማ የመኖሪያ ቤት ንድፍ በማውጣት ሥራውን ከቺካጎ አካባቢ ውጭ ላሉ አንባቢዎች አስተዋወቀ።

የኬዝ ስተዲ ቤቶች

በጥር 1945 በሎስ አንጀለስ ይታተም የነበረው «አርትስ ኤንድ አርኪቴክቸር» መጽሔት አዘጋጅ ጆን ኤንቴንዛ የኬዝ ስተዲ ቤቶች ፕሮግራምን አስታወቀ። መጽሔቱ ዘመናዊ ቤቶችን ለአርክቴክቶች በማዘዝ ንድፋቸውንና ግንባታቸውን ደረጃ በደረጃ ያትም ነበር፤ ብዙዎቹም ሲያልቁ ለሕዝብ ጉብኝት ክፍት ሆነዋል። ፕሮግራሙ እስከ 1960ዎቹ አጋማሽ ቆየ።

ከእነዚህ መካከል በፒየር ኬኒግ የተነደፈው ቤት ቁጥር 22 በ1960 በሆሊውድ ኮረብታ ላይ ተጠናቀቀ። በዚያው ዓመት ፎቶ አንሺው ጁልየስ ሹልማን ቤቱን በምሽት አነሳው። በምስሉ ላይ ሁለት ሴቶች በመስታወት በታጠረ ክፍል ተቀምጠው ይታያሉ፤ ከታች የከተማው መብራት እስከ አድማስ ተዘርግቷል። ሹልማን የከተማውን መብራት ለማስቀረት ካሜራውን ለረጅም ደቂቃዎች ክፍት አድርጎ ከቆየ በኋላ በክፍሉ ውስጥ ያሉትን ሴቶች በብልጭታ አበራቸው። ቤቱ በስፋቱ መጠነኛ ቢሆንም በዚህ ምስል ምክንያት ከዘመኑ እጅግ የታወቁ መኖሪያ ቤቶች አንዱ ሆኗል። የሹልማን የፎቶ ማኅደር በ2005 ወደ ጌቲ የምርምር ተቋም ተዛወረ። ቤቱን በአካል ከጎበኙት ይልቅ በፎቶ የሚያውቁት እጅግ ይበዛሉ፤ ይህ ልምድ በኋላ በኢንተርኔት ዘመን የተለመደ ሆነ።

ከክልከላው መነሣት እስከ ኢንተርኔት

በ1977 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት «ቤትስ በአሪዞና ጠበቆች ማኅበር ላይ» በተባለው ጉዳይ በ5 ለ4 ድምፅ ጠበቆች ማስታወቂያ እንዳያስነግሩ በጅምላ መከልከል የመናገር ነፃነትን እንደሚጥስ ወሰነ። የሙያ ማኅበራት ደንቦቻቸውን በሚያሻሽሉበት በዚህ ወቅት፣ በ1970ዎቹ መጨረሻ የአርክቴክቶቹ ተቋምም ክልከላውን አነሣ።

ጉግል የፍለጋ ማስታወቂያ አገልግሎቱን በ2000 ጀመረ። በ2008 ሁለት ቺሊያውያን «አርክዴይሊ» የተባለውን የሥነ ሕንፃ ድረ ገጽ መሠረቱ። በ2009 አዲ ታታርኮና አሎን ኮኸን የተባሉ ባልና ሚስት በካሊፎርኒያ ቤታቸውን ሲያድሱ ከገጠማቸው ችግር ተነሥተው «ሃውዝ»ን ከፈቱ፤ በዚህ ገጽ የቤት ባለቤቶች ፎቶዎችን እያዩ ሥራውን የሠራውን ባለሙያ ማግኘት ይችላሉ። በ2010 ፒንተረስትና ኢንስታግራም ተከተሉ። ቀድሞ የመጽሔት አዘጋጅን ይሁንታ ይጠብቅ የነበረ ቢሮ ከዚህ በኋላ ሥራውን ራሱ ማተም ቻለ።

ዋና ዋና መንገዶች

ድረ ገጽ፦ የሁሉም መሠረት የቢሮው የራሱ ድረ ገጽ ነው። ጠቃሚ የሚባለው ገጽ ለእያንዳንዱ ቤት የተሠራበትን አካባቢ፣ ዓመቱን፣ ስፋቱን፣ የመሬቱን ጠባይ፣ ደንበኛው የጠየቀውንና አርክቴክቱ የሰጠውን መፍትሔ ይገልጻል። ለምሳሌ «ገደላማ ቦታ ላይ የተሠራ፣ ጎርፍን በድንጋይ ግንብ የሚመልስ» የሚል መግለጫ ተመሳሳይ መሬት ላለው ሰው ከምስሉ ያልተናነሰ ነገር ይነግረዋል።

ፍለጋ፦ ቤት ሊያሠራ ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ከቦታ ጋር አያይዞ ነው፤ የከተማውን ወይም የሰፈሩን ስም ከ«አርክቴክት» ጋር ይጽፋል። ስለዚህ ቢሮዎች አድራሻቸውን፣ የሥራ ሰዓታቸውንና ፎቶዎቻቸውን በጉግል ካርታ ላይ ያስመዘግባሉ። ስለ ግንባታ ፈቃድ፣ ስለ ወጪ ግምትና ስለ ጊዜ ሰሌዳ የሚያስረዱ ጽሑፎችም ደንበኛው ገና መረጃ በሚሰበስብበት ወቅት ቢሮውን እንዲያውቅ ይረዳሉ።

ፎቶግራፍና ቪዲዮ፦ የሥነ ሕንፃ ፎቶ ልዩ ሙያ ነው። ፎቶ አንሺው የፀሐይን አቅጣጫ ይጠብቃል፤ የግድግዳ መስመሮች እንዳይጣመሙ ልዩ ሌንስ ይጠቀማል። ወጪው ከፍ ስለሚል አርክቴክቱ፣ ሥራ ተቋራጩና የውስጥ ማስዋብ ባለሙያው አንዳንድ ጊዜ ይጋሩታል። በድሮን የሚነሣ ቪዲዮ ቤቱን ከመሬቱ ጋር ለማሳየት ይረዳል።

ማኅበራዊ ሚዲያ፦ ኢንስታግራምና ፒንተረስት ምስል ላይ ስለተመሠረቱ ለዚህ ሙያ ይስማማሉ። ግንበኞች ያለቀውን ቤት ብቻ ሳይሆን የመሠረት ቁፋሮውን፣ የብረት ሥራውንና የእንጨት መገጣጠሚያውን ያሳያሉ። በኋላ በልስንና በቀለም የሚሸፈነው ሥራ የግንበኛውን ጥራት ከውጫዊው ውበት ይልቅ ይገልጣል።

ኢሜይል፦ ደንበኛው ከመወሰኑ በፊት ወራት አንዳንዴም ዓመታት ስለሚያስብ፣ በራሱ ፈቃድ ለተመዘገበ ሰው በየጊዜው የሚላክ አጭር መልእክት ቢሮው እንዳይረሳ ያደርጋል።

የሚከፈልበት ማስታወቂያ፦ ጉግል ላይ ወይም ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በአካባቢና በፍላጎት ተለይቶ ይወጣል። ቶሎ ሰው ያመጣል፤ ክፍያው ሲቆም ግን ይቋረጣል።

ውጤቱ የሚለካበት መንገድ

የተከታይ ብዛትና የ«ላይክ» ቁጥር በዚህ ዘርፍ ሊያሳስቱ ይችላሉ። የቅንጡ ቤት ፎቶ የሚያዩት አብዛኞቹ ተማሪዎች፣ ሌሎች አርክቴክቶችና ውበት ወዳዶች ናቸው። ጠቃሚው መለኪያ ገጹን ካዩት ስንቱ ጠየቁ፣ ከጠየቁት ስንቱ መሬትና በጀት ነበራቸው፣ ከእነዚያስ ስንቱ ተዋዋሉ የሚለው ነው። ለምሳሌ አንድ ቢሮ በዓመት 12,000 ዶላር አውጥቶ 40 ጥያቄ ቢያገኝ፣ ከ40ው 8ቱ ለስብሰባ ቢመጡና 2ቱ ቢዋዋሉ፣ እያንዳንዱ ውል 6,000 ዶላር የማስታወቂያ ወጪ አስከትሏል ማለት ነው። ይህ ቁጥር ከአንድ ቤት ከሚገኘው የዲዛይን ክፍያ ጋር ይነጻጸራል።

ልኬቱ ፍጹም አይደለም። በወዳጅ ጥቆማ ሰምቶ፣ በኢንስታግራም አይቶ፣ በጉግል ፈልጎ የደወለ ደንበኛ ከየትኛው እንደመጣ መለየት ይከብዳል። አፕል በ2021 መተግበሪያዎች ተጠቃሚውን በሌሎች መተግበሪያዎችና ገጾች ላይ ከመከታተላቸው በፊት ፈቃዱን እንዲጠይቁ ማስገደዱ ደግሞ ይህን ይበልጥ አክብዶታል። ብዙ ቢሮዎች አዲስ ደዋይን «ስለ እኛ እንዴት ሰሙ?» ብለው በቃል የሚጠይቁት ለዚህ ነው።

ሕግና ሥነ ምግባር

የሥራ ባለቤትነት፦ በአንድ ቤት ላይ ብዙ ባለሙያዎች ይሳተፋሉ። የአሜሪካ አርክቴክቶች ተቋም የሥነ ምግባር ደንብ አባላት ስለ ችሎታቸውና ልምዳቸው አሳሳች ነገር እንዳይናገሩ፣ በሚያሳዩት ሥራ ላይ የነበራቸውንም ድርሻ በትክክል እንዲገልጹ ያዛል። የቀድሞ ቢሮውን ትቶ የራሱን የከፈተ አርክቴክት እዚያ የተሳተፈበትን ቤት ሲያሳይ ድርሻውን መጥቀስ አለበት።

የቅጂ መብት፦ በአሜሪካ ሕግ የፎቶ የቅጂ መብት በመደበኛው የፎቶ አንሺው ነው። አርክቴክቱ ለፎቶው ቢከፍልም የሚያገኘው በውሉ ላይ የተጻፈውን የመጠቀም ፈቃድ ነው። የሕንፃ ንድፍ ራሱ ከ1990 ጀምሮ እንደ ሥነ ሕንፃ ሥራ ጥበቃ አለው፤ ነገር ግን ከሕዝብ መንገድ የሚታይ ሕንፃን ፎቶ ማንሣት አይከለከልም።

የደንበኛ ምስጢር፦ የቤቱ ፎቶ የሰው መኖሪያ ነው። የክፍሎቹ አቀማመጥ፣ የሥዕልና የጌጥ ሀብቱ፣ የበሮቹ ቦታ በኢንተርኔት ሲወጣ ለሌባም ይጠቅማል። ስለዚህ ፎቶ የማውጣት መብት በመጀመሪያው ውል ላይ ይጻፋል። አድራሻና የባለቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ይቀራሉ፤ በስልክ ፎቶ ውስጥ የተደበቀው የቦታ መረጃም ከመታተሙ በፊት ይጠፋል።

በኮምፒውተር የተሠራ ምስል፦ የዛሬ ሶፍትዌር ያልተሠራ ቤትን ከፎቶ በማይለይ መልኩ ያሳያል። ለንድፍ ውይይት ጠቃሚ ነው፤ እንደ ተሠራ ቤት ሆኖ ሲቀርብ ግን ደንበኛውን ያሳስታል። ስለዚህ ከምስሉ ሥር «ያልተገነባ ንድፍ» ብሎ መጻፍ ጥንቃቄ ነው።

ሐሰተኛ አስተያየት፦ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2024 ያወጣው ደንብ ሐሰተኛ የደንበኛ አስተያየት መጻፍን፣ መግዛትንና መሸጥን ይከለክላል። በዓመት ሁለት ሦስት ቤት የሚሠራ ግንበኛ እውነተኛ አስተያየቶቹ ጥቂት መሆናቸው የሚጠበቅ ነው።

ማድላት፦ በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ በቤት ሽያጭና ኪራይ ማስታወቂያ በዘር፣ በቀለም፣ በሃይማኖትና በትውልድ አገር ማድላትን ከልክሏል፤ በኋላ ፆታ፣ አካል ጉዳትና የቤተሰብ ሁኔታ ተጨመሩበት። የኢንተርኔት ማስታወቂያ ተመልካቹን እየለየ ስለሚታይ ሕጉ አዲስ ጥያቄ ገጠመው፤ ያልታየው ሰው ማስታወቂያው መኖሩን እንኳ አያውቅም። ሜታ በ2022 ከአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር ባደረገው ስምምነት ለቤት ማስታወቂያ አድሎ ያመጣል የተባለ የመለያ መሣሪያውን ለማቆምና 115,054 ዶላር ቅጣት ለመክፈል ተስማማ። ስለዚህ «ቅንጡ ደንበኛ» ለመፈለግ ተብሎ በሚደረገው መለየት ውስጥ የሕግ ገደብ አለ።

በኢትዮጵያ

በአዲስ አበባ በብዛት በኢንተርኔት የሚተዋወቁት በሪል ስቴት ኩባንያዎች የሚሠሩ አፓርታማዎችና ቪላዎች ናቸው። ማስታወቂያዎቹ በፌስቡክ፣ በዩቲዩብ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚወጡ ሲሆን ከታሰበላቸው ተመልካቾች መካከል በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። አዋጅ ቁጥር 270/1994 የሌላ አገር ዜግነት ያላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን በማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት ረገድ በውጭ ዜጎች ላይ ያለው ገደብ እንዳይመለከታቸው አድርጓል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 ደግሞ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል።

ከሩቅ የሚገዛ ሰው ቦታውን በዓይኑ ስለማያይ በስልኩ የሚያየው ምስል ከፍተኛ ክብደት አለው፤ ክፍያም ብዙ ጊዜ ግንባታው ከማለቁ በፊት ይጀመራል። በዚህ ሁኔታ ማስታወቂያው ሊያሟላቸው የሚገቡ መረጃዎች የመሬቱ ካርታ በማን ስም እንደሆነ፣ የግንባታ ፈቃዱ መውጣቱ፣ ሥራው የደረሰበት ደረጃና ድርጅቱ ከዚህ በፊት ያስረከባቸው ቤቶች የሚገኙበት ቦታ ናቸው። የተረከቡትን ቤቶች አገር ቤት ያለ ዘመድ ሄዶ ሊያያቸው ይችላል።