አዛዥና መሪ፦ በአልዌሮ ዙሪያ ልጆችን የማደራጀት ታሪክ

ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ፣ በአቦቦ ወረዳ፣ ደርግ በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ያስገነባው የአልዌሮ ግድብ ይገኛል። ግድቡ ለመስኖ የታሰበ ነበር፤ በዙሪያው ግን ከውኃው ታሪክ የማያንስ ሌላ ታሪክ አለ፤ ጎልማሶች ወጣቶችን አሰልፈው የመሩበት ታሪክ። ዘማች ተማሪም ሆነ ስደተኛ ሕፃን በዚህ ሜዳ በቡድን ተከፋፍሎ፣ አለቃ ተሹሞለት ኖሯል። ልጆችን እንዲሁ በቡድን የሚያደራጀው ስካውትም ከዚህ ታሪክ የሚማረው አለ። ስለ ስካውት የበጎ ፈቃድ መሪ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው ደግነቱ ነው፤ ጊዜውን ሰጠ፣ ደመወዝ አልጠየቀም ይባላል። የዚህ አካባቢ ታሪክ ግን ደግነት ብቻውን ልጅን እንደማይጠብቅ ያሳያል። መሪን ከአዛዥ የሚለየው ልጁ እምቢ ማለት፣ ወላጁም መጠየቅ መቻሉ ነው፤ የመሪው ፍቅር ዋጋ የሚኖረው ይህ ሲሟላ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስካውት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በትምህርት ቤት በር ነው። በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ከጣሊያን ወረራ በፊት ስካውቶች ነበሩ፤ መሪዎቻቸውም ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚደክሙ መምህራን ነበሩ። አብዮቱ ሲመጣ ይህ ሁሉ ቀረ፤ ወጣቱን የማደራጀት ሥራ ወደ መንግሥት እጅ ገባ። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አሰማርቷል። ብዙዎቹ በሙሉ ልባቸው ዘምተዋል፤ ገበሬ አስተምረዋል፣ ጉድጓድ ቆፍረዋል። አልዘምትም ያለ ግን ትምህርቱን መቀጠልም ሆነ ሥራ ማግኘት አይችልም ነበር። በ1977 ክረምት ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ከድርቅ አካባቢ ለመጡ ሠፋሪዎች ጎጆ እንዲሠሩ ጋምቤላን ጨምሮ ወደ ሠፈራ ጣቢያዎች ተላኩ። ሥራው ለተቸገረ ወገን የሚደረግ ነበርና የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም እምቢ ማለት በማይቻልበት ቦታ በጎ ፈቃድ አለ ማለት ይከብዳል።

ከአልዌሮ ወደ ደቡብ ሲወረድ ፉኝዶ ይገኛል። በ1980 ዓ.ም. ገደማ ከደቡብ ሱዳን ጦርነት የሸሹ፣ ወላጅ ያልተከተላቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ወንዶች ልጆች ረጅሙን መንገድ በእግራቸው አቋርጠው እዚህ ደረሱ። በቡድን በቡድን ተከፈሉ፤ ለየቡድኑ ጎልማሳ ኃላፊ ተመደበ፤ ከኃላፊዎቹም ብዙዎቹ መምህራን ነበሩ። ልጆቹ ጫካ ገብተው እንጨት ቆረጡ፣ ሣር አጨዱ፣ በራሳቸው ተሸክመው አመጡ፤ ጭቃ አቡክተው የሚያድሩበትን ጎጆና የሚማሩበትን ክፍል ሠሩ። ደብተር በሌለበት አፈር ላይ በጣታቸው ፊደል ጻፉ፤ በተራ አበሰሉ፤ የታመመ ጓደኛቸውን አስታመሙ። ይህን ብቻ ያየ ሰው ስካውት የሚያስተምረው ሁሉ እዚህ ተሟልቷል ሊል ይችላል። ነገር ግን ካምፑ ውስጥ የሱዳን ሕዝብ ነፃ አውጪ ጦር እጅ ነበረበት፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች ከልጆቹ መካከል ለውትድርና የሠለጠኑ እንደነበሩ መዝግቧል። አንድ ኃላፊ ልጆቹን እንደ አባት ቢወድም የጦሩን ትእዛዝ የሚመልስበት ሥልጣን አልነበረውም፤ ልጁም መሄጃ አልነበረውም። በግንቦት 1983 ደርግ ሲወድቅ ካምፑ ተበተነ። ልጆቹ ወደ ሱዳን ድንበር ሲሸሹ ጊሎ ወንዝ ሞልቶ ጠበቃቸው፤ ከኋላ ተኩስ ነበር፤ ብዙዎቹ ዋና አያውቁም። ስንቱ ልጅ በጥይት፣ በውኃና በአዞ አለቀ! የተረፉት ፖቻላ ደረሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1992 ኬንያ፣ ካኩማ ሲገቡ አብረዋቸው በእግር የተጓዙ አሳዳጊዎች ነበሩ። የእነዚህን ሰዎች ፍቅር ማንም ሊያንኳስሰው አይገባም። ያ ሁሉ ፍቅር እያለ ልጆቹ ከጠመንጃ አለመዳናቸው ነው የሚያስጨንቀው።

ስካውት ራሱ ከጦር ሠፈር የወጣ አይደለም ወይ የሚል ተቃውሞ ይነሳ ይሆናል፤ ተገቢ ነው። መሥራቹ ባደን ፖዌል የእንግሊዝ ጄኔራል ነበር፤ ዝናውን ያገኘውም እ.ኤ.አ. ከ1899 እስከ 1900 በደቡብ አፍሪካ የማፈኪንግ ከበባ ሲሆን፣ በዚያ ጊዜ ልጆች መልእክት ያመላልሱ ነበር። ዩኒፎርሙም ሰልፉም ከጦር ልማድ የተወረሰ ነው። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1907 ብራውንሲ ደሴት ላይ 20 ያህል ልጆችን ይዞ ሲሠፍር በትናንሽ ቡድን ከፍሎ የየቡድኑን አለቃ ከልጆቹ መካከል አደረገ። ጎልማሳው ሁሉን እንዳያዝ በአሠራሩ ታሰረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 ደግሞ ጊልዌል ፓርክ የመሪዎች ማሠልጠኛ ሆነ፤ ቅን ልብ ብቻውን መሪ እንደማያደርግ ንቅናቄው ቀድሞ ተረድቶታል። ከጦር የመጣ ልማድ ወደ ጦር እንዳይመለስ የሚያግደው እንዲህ ያለው አሠራር እንጂ የመዝሙሩ ቃል አይደለም።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ነፃ ፈቃድም ሥልጠናም ባለበት አገር ልጆች ተበድለዋል። የአሜሪካ የወንዶች ስካውት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 የኪሣራ ጥበቃ ሲጠይቅ፣ በልጅነታችን ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል ያሉ ከ80 ሺህ በላይ ሰዎች ቀረቡ። ከበዳዮቹ ብዙዎቹ በሰፈራቸው የተከበሩ በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ መከበራቸው ራሱ መሸሸጊያ ሆናቸው። መከራከሪያዬ ይህን ሊሸሽ አይችልም። እምቢ ማለትን የማያውቅ ትንሽ ልጅ በወረቀት ላይ ያለው ነፃነት አይጠቅመውም። ለዚህ ነው ዛሬ ማንም ጎልማሳ ከልጅ ጋር ብቻውን እንዳይሆን፣ ሁልጊዜ ሁለት ሆነው እንዲገኙ የሚደነገገው። ደንቡ በመሪው ላይ የተሰነዘረ ስድብ የሚመስላቸው አሉ፤ ቅን መሪ ግን ሊደሰትበት ይገባል፤ ስሙን ከሐሜት የሚጠብቅለት እሱ ነው።

ድሃ በሆነ አገር ያለ ክፍያ የሚሠራ ከየት ይመጣል የሚሉም አሉ። በጋምቤላ የስደተኞች ካምፖች፣ በኩሌም ሆነ በጀዊ፣ ከልጆች ጋር የሚውሉ ስደተኞች አነስተኛ ማበረታቻ ይከፈላቸዋል፤ ይህ ክብራቸውን አልቀነሰም። የመጓጓዣና የምግብ ወጪ መሸፈን በጎ ፈቃድን አያፈርስም። የወላጅን ፈቃድ የመጠየቅ ሐሳብም ለአካባቢው እንግዳ አይደለም። በኑዌር ባህል ልጅ ግንባሩን የሚቆረጥበት የ“ጋር” ሥርዓት ከእኩዮቹ ጋር የሚያልፈው ነው፤ የአባት ፈቃድም ይጠየቅበታል። ልጅን ከወላጁ ዕውቀት ውጭ ወደ ጎልማሳነት መውሰድ እዚህም ነውር ነው።

በአቦቦ፣ በኢታንግም ሆነ በጋምቤላ ከተማ ልጃችሁን ለስካውት ቡድን የምትሰጡ ወላጆች፣ የመሪውን ስም ብቻ ሰምታችሁ አትመለሱ። አብሮት የሚቆመው ሁለተኛ ጎልማሳ ማን እንደሆነ፣ ወደ ግድቡ ዳር ሲወርዱ ልጆቹን ማን እንደሚቆጥር፣ ልጁ ከነገ ጀምሮ አልመጣም ቢል ምን እንደሚከተል ጠይቁት። መልስ ከሌለው ልጃችሁን ይዛችሁ ወደ ቤታችሁ ግቡ።