የዴቭ አርንሰን ምድር ቤት

ስልካችሁ ላይ ካሉት ጌሞች አንዱን ክፈቱ። ገጸ ባህሪው አናት ላይ የላይፍ መስመር አለች፤ ሲመታ ትቀንሳለች እንጂ በአንድ ምት አይሞትም። ጠላት ባሸነፈ ቁጥር ነጥብ ያገኛል፣ ነጥቡ ሲጠራቀም ሌቭሉ ያድጋል። ዛሬ ዘግታችሁት ነገ ስትከፍቱት ካቆማችሁበት ይቀጥላል። ይሄ ሁሉ በጣም ከመለመዱ የተነሳ የሆነ ሰው አስቦ የፈጠረው ነገር አይመስልም። ግን አብዛኛው ተጠራቅሞ የሚገናኘው አንድ ቦታ ላይ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1971 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ የአንድ የ23 ዓመት ወጣት ወላጆች ምድር ቤት። ኮምፒውተር በቦታው አልነበረም። ጠረጴዛ፣ ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ብቻ።

ወጣቱ ዴቭ አርንሰን ይባላል። “ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ”ን የምታውቁት (ቢያንስ “ስትሬንጀር ቲንግስ” ላይ ልጆቹ ሲጫወቱት አይታችሁ ይሆናል) አብዛኞቻችሁ የሰማችሁት ስም ግን ጋሪ ጋይጋክስ ነው። ሁለቱም ስሞች የመጀመሪያው እትም ላይ አሉ። እንዴት አንዱ ገንኖ ሌላው ደበዘዘ የሚለው ጥያቄ እኔን እንደ ሶፍትዌር ሠራተኛ ዝም ብሎ የሚያልፈኝ አይደለም።

ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። በ1960ዎቹ እነ አርንሰን የሚጫወቱት የጦርነት ጨዋታ ነበር። ትንንሽ የወታደር ምስሎች ጠረጴዛ ላይ ይደረደራሉ፣ አንዱ የናፖሊዮንን ጦር ይመራል፣ ሌላው የጠላቱን። ተጫዋቹ ጄኔራል ነው፤ ወታደሮቹ ስምም ነፍስም የላቸውም። ከመካከላቸው ዴቪድ ዌስሊ የሚባል ልጅ በ1880 የታተመ “ስትራቴጎስ” የተባለ የድሮ የጦር ልምምድ መጽሐፍ አገኘ። እዚያ ውስጥ ዳኛ አለ። ተጫዋቹ ደንቡ ላይ የሌለ ነገር ማድረግ ከፈለገ ዳኛው አመዛዝኖ ይወስናል።

ዌስሊ ይህን ይዞ ብራውንስታይን የምትባል ምናባዊ ከተማ ፈጠረና ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ሰው ሰጠው። አንተ ከንቲባ ነህ፣ አንተ ባንከኛ ነህ፣ አንተ የዩኒቨርሲቲው ኃላፊ ነህ። ከዚያ ትርምስ ሆነ። ሰዎቹ ጥግ ይዘው መንሾካሾክ ጀመሩ፣ ሁለቱ ለግል ፍልሚያ ተጠራሩ፣ ዋናው ጦርነት ተረሳ። ዌስሊ ጨዋታው የከሸፈበት መሰለው። ተጫዋቾቹ ግን ድገመን አሉት።

በቀጣዮቹ ጨዋታዎች ከሁሉ የባሰው አርንሰን ነበር። ዌስሊ አንዲት የላቲን አሜሪካ አገር ፈጥሮ አርንሰንን አብዮተኛ ሲያደርገው፣ ልጁ የሲአይኤ ሐሰተኛ መታወቂያ አዘጋጅቶ መጣ። አውጥቶ እያሳየ ሌሎቹን የሲአይኤ ሰው ነኝ ብሎ አሳመነ። ደንቡ ላይ እንዲህ የሚል ነገር የለም፤ አይቻልም የሚልም የለም። በእኔ ግምት የአርንሰን ጭንቅላት እንዴት እንደሚሠራ ከዚህች መታወቂያ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም።

ዌስሊ ወደ ውትድርና ሲሄድ ዳኝነቱን አርንሰን ወረሰ። በ1971 ጓደኞቹ የናፖሊዮን ጨዋታ ጠብቀው ሲመጡ ጠረጴዛው ላይ የጠበቃቸው የቤተ መንግሥት ሞዴል ነበር። ቦታው ብላክሙር ይባላል። ከቤተ መንግሥቱ ሥር ደግሞ ጨለማ ዋሻ አለ፤ ምን እንዳለበት የሚያውቀው አርንሰን ብቻ ነው። “ከፊታችሁ በር አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?” በቃ፣ ጨዋታው ይሄ ነው። እኛ “ተረት ተረት” ሲባል “የላም በረት” ብለን ጸጥ ብለን እናዳምጣለን፤ እዚህ ግን ቀበሮዋ ወዴት እንደምትሄድ የሚወስነው አድማጩ ነው።

ችግሩ ውጊያው ላይ መጣ። መጀመሪያ የተጠቀሙበት ጋይጋክስና ጄፍ ፔረን የጻፉት “ቼይንሜይል” የተባለ ደንብ ነበር። በዚያ ደንብ ተራ ተዋጊ አንዴ ከተመታ አለቀለት። መቶ ወታደር ለሚመራ ጄኔራል ምንም አይደለም። ስም አውጥቶለት፣ ለሳምንታት ዋሻ ለዋሻ ይዞት ለዞረ ሰው ግን ሐዘን ነው። ተጫዋቾቹ አኮረፉ። አርንሰን በኋላ በቃለ መጠይቅ እንደተናገረው፣ መፍትሔውን ያመጣው ለአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የብረት መርከቦች ከሠራው ደንብ ነው። መርከብ በአንድ መድፍ አይሰምጥም፤ ጉዳት ይጠራቀምበታል። ያንን ወስዶ ሰው ላይ ለጠፈው። ፕሮግራመር ለሆናችሁ፦ ሕይወት ቡሊያን ነበረች፣ አርንሰን ኢንቲጀር አደረጋት። የዛሬዋ ቀይ መስመር እሷው ናት። የተረፈው ተዋጊ ደግሞ ለሚቀጥለው ጨዋታ ልምዱን ይዞ፣ በርትቶ ይመለሳል።

እንግዲህ ጥያቄው፣ ይሄ ሁሉ የት ተጻፈ? የትም፤ ወይም በየወረቀቱ ቁራጭ ላይ። ደንቡ ያለው አርንሰን ጭንቅላት ውስጥ ነበር፣ እንደ አስፈላጊነቱም ይለዋውጠዋል። በ1972 መጨረሻ አካባቢ ከጓደኛው ከዴቭ ሜጋሪ ጋር ዊስኮንሲን፣ ሌክ ጄኔቫ ድረስ ሄዶ ጋይጋክስን አጫወተው። ጋይጋክስ ወዲያው ገባው። ማስታወሻህን ላክልኝ አለ፣ የተላከለትን ይዞ የጽሕፈት መኪናው ላይ ተቀመጠ፣ የራሱንም ብዙ ጨመረበት። በጥር 1974 ሦስት ቀጫጭን መጻሕፍት በአንድ ካርቶን፣ 1,000 ኮፒ፣ በ10 ዶላር ወጡ። አሳታሚው እነ ጋይጋክስ ያቋቋሙት ቲኤስአር የተባለ ድርጅት ነው።

እዚህ ላይ ጋይጋክስን ሌባ ማድረግ ቀላል ነው፣ ኢንተርኔት ላይም የሚያደርጉት አሉ። እኔ አልስማማም። በፈጣሪው ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ለሌላው ሰው የለም ማለት ነው። ጋይጋክስ ባይጽፈው ብላክሙር ከሴንት ፖል ባልወጣ ነበር፣ መጻፉም ራሱ ፈጠራ ነው። የማልቀበለው ቀጥሎ የመጣውን ነው። አርንሰን በ1976 ቲኤስአር ተቀጥሮ ዓመት ሳይሞላው ወጣ። ከ1977 ጀምሮ ድርጅቱ “አድቫንስድ” የሚል ቃል ጨምሮ የጨዋታውን ትልልቅ መጻሕፍት ሲያሳትም ደራሲው ጋይጋክስ ብቻ ሆነ። ይሄ ሌላ ጨዋታ ነው፣ ስለዚህ ለአርንሰን ክፍያ አይገባውም አሉ። እስቲ አስቡት፣ ስሙን ቀይረህ ቨርዥን ሁለት ስላልከው ብቻ የመጀመሪያው ሠራተኛ ድርሻ ሲጠፋ። አርንሰን በ1979 ከሰሰ፣ በ1981 ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማሙ፣ አብሮ ፈጣሪ የመባል መብቱም ጸና።

ቲኤስአርን መክሰስ ይቻላል፣ የተቀረውን ዓለም ግን አይቻልም። የአሜሪካ የቅጂ መብት ሕግ የሚጠብቀው የተጻፈውን ቃል እንጂ የጨዋታን አሠራር አይደለም። ላይፍንና ሌቭልን ማንም ሊወስድ ይችላል፣ ወሰደም። ገና በ1975 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በነበረው ፕላቶ በተባለው የኮምፒውተር ኔትወርክ ላይ “ፔዲት5” የሚባል የዋሻ ጌም ተጻፈ። ስሙ እንዲህ አሰልቺ የሆነው አስተዳዳሪዎቹ የትምህርት ፋይል መስሏቸው እንዲያልፉት ነው፤ አላለፉትም፣ አጠፉት። በ1981 “ዊዛርድሪ” እና “አልቲማ” መጡ፣ በ1986 ጃፓን “ድራገን ክዌስት”ን ሠራች፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ራሳችሁ ተጫውታችሁታል። አንዳቸውም ለሴንት ፖሉ ምድር ቤት የሚከፍሉት ዕዳ በሕግ የለባቸውም።

አርንሰን ግን እንደ ተበዳይ ጥግ ይዞ አልተቀመጠም። በ1980ዎቹ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ድርጅት ነበረው፣ በኋላም ፍሎሪዳ በሚገኘው ፉል ሴይል ዩኒቨርሲቲ ለጌም ዲዛይን ተማሪዎች ለዓመታት አስተማረ። እስከ 2008 ድረስ እዚያ ነበር፤ በሚያዝያ 2009 በካንሰር ሞተ፣ ጋይጋክስ ካረፈ ከ13 ወር በኋላ። ፉል ሴይል ውስጥ የሚሰጠው ኮርስ “የጨዋታው ደንብ” ይባል ነበር። ተማሪዎቹ ጨዋታ ይፈጥራሉ፣ ከዚያ ደንቡን አንድ በአንድ፣ በትክክል፣ ወረቀት ላይ መጻፍ ይማራሉ።