እጮኝነት በርቀት፣ ጋብቻ በባዕድ ሀገር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዘመናችን ብዙ ምእመናን የትዳር አጋራቸውን የሚያገኙት በአጥቢያቸው ብቻ አይደለም። አንዱ በአዲስ አበባ ወይም በጎንደር፣ ሌላው በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት እየኖሩ በዘመድ አማካይነት ወይም በስልክ ይተዋወቃሉ፤ ቃል ይገባባሉ። ከዚያም አንደኛው ወገን ሀገሩንና ቤተሰቡን ትቶ ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያን ርቀትን የጋብቻ እንቅፋት አድርጋ አትቈጥርም። ይሁን እንጂ ርቀት የሚሸፍነው ብዙ ነገር ስላለ፣ በዚህ መንገድ ለሚጋቡ ልጆቿ ጥንቃቄው እጥፍ እንዲሆን ትመክራለች።

የእጮኝነት ትርጕም

እጮኝነት ወደፊት ለመጋባት የሚደረግ ስምምነት ነው። ገና ጋብቻ አይደለም፤ እንደ ቀላል ነገርም የሚታይ አይደለም። ፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጹ ስለ እጮኝነትና ስለ ጋብቻ አያይዞ የሚደነግገው ሁለቱ የማይነጣጠሉ ስለሆኑ ነው። የስምምነቱ መሠረትም የሁለቱ ተጋቢዎች ነጻ ፈቃድ ነው። የእጮኝነት ጊዜ የመተዋወቂያ፣ የመመርመሪያና በንጽሕና የመቈያ ጊዜ ነው። ስለዚህ በምርመራው ጊዜ ከባድ እንቅፋት ከተገኘ ማቆም ይቻላል፤ ተክሊል ከተደረገ በኋላ ግን እንደዚያ አይደለም።

የርብቃ ጕዞ

ስለ ሩቅ ሀገር ጋብቻ በቅዱሳት መጻሕፍት በስፋት የተጻፈልን የይስሐቅና የርብቃ ታሪክ ነው (ዘፍ. 24)። አብርሃም ሎሌውን ዐሥር ግመሎች አስይዞ ወደ ዘመዶቹ ሀገር ላከው። በዚህ ታሪክ ውስጥ አራት ነገሮችን እናስተውላለን።

አንደኛ፣ መልእክተኛው ሥራውን በጸሎት ጀመረ። ሁለተኛ፣ የርብቃን መልክ ብቻ አይቶ አልወሰነም፤ ለእንግዳና ለእንስሳት ያሳየችውን ደግነት ዝም ብሎ ይመለከት ነበር። ሦስተኛ፣ ወላጆቿ ከተስማሙ በኋላ እንኳ እርሷ ራሷ ተጠርታ ትሄድ እንደ ሆነ ተጠየቀች፤ በአንደበቷም እሄዳለሁ አለች። አራተኛ፣ ብቻዋን አልተላከችም፤ ሞግዚቷና ደንገጥሮቿ ዐብረዋት ሄዱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አብርሃም፣ ሴቲቱ ለመምጣት ካልወደደች ሎሌው ከመሐላው ነጻ እንደሚሆን አስቀድሞ ነግሮታል። ማንም በግድ ወይም በይሉኝታ እንዳይሄድ ከዚህ የበለጠ ትምህርት የለም።

ከቃል ኪዳን በፊት ሊጣሩ የሚገባቸው

በስልክ መስኮት የሚታየው ፊትና የሚሰማው ድምፅ ብቻ ነው። የሰውን ቁጣ፣ ትዕግሥት፣ የገንዘብ አያያዝና ለቤተሰቡ ያለውን አክብሮት የሚያውቁት ዐብረውት የኖሩ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የሚከተሉት ነገሮች በሽማግሌዎችና በካህናት በኩል ሊጣሩ ይገባል።

• ሁለቱም በኦርቶዶክሳዊ ጥምቀት የተጠመቁና የንስሐ አባት ያላቸው መሆኑ፤ የአንዱ የንስሐ አባት ከሌላው የንስሐ አባት ጋር ቢነጋገሩ እጅግ ይጠቅማል።
• ከዚህ በፊት በተክሊል፣ በቍርባን ወይም በሕግ የተፈጸመ ጋብቻ መኖር አለመኖሩ፤ ልጆች ካሉም መታወቃቸው።
• የሥጋ ዝምድና እስከ ሰባት ቤት መቈጠሩ፤ በክርስትና ልጅነት የሚመጣ መንፈሳዊ ዝምድናም መመርመሩ።
• የጤና ሁኔታ፣ ዕዳ፣ የሥራ ዓይነት፣ የሚኖሩበት ቤትና ዐብረዋቸው የሚኖሩ ሰዎች።

እነዚህን መጠየቅ ጥርጣሬ አይደለም፤ ለመጠየቅ የማይፈቅድ ወገን ካለ ግን ያ ራሱ መልስ ነው። ቢቻል እጮኛሞቹ ከውሳኔያቸው በፊት በቤተሰብ ፊት በአካል ሊገናኙ ይገባል።

ተክሊሉ የት ይፈጸም?

ምሥጢረ ተክሊል በስልክ ወይም በውክልና አይፈጸምም። ሁለቱ ተጋቢዎች በካህኑ ፊት ቆመው፣ ጸሎተ ተክሊሉ ደርሶላቸው፣ ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን ተቀብለው አንድ የሚሆኑበት ምሥጢር ነውና። ድንግልናቸውን ጠብቀው የቆዩት በተክሊል፣ ሌሎች በንስሐ ተዘጋጅተው በቅዱስ ቍርባን ይጋባሉ። በፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም (ዐዋጅ ቁጥር 213/1992) የተጋቢዎች ፈቃድና 18 ዓመት መሙላት ግዴታ ነው። በእንደራሴ መጋባት ከባድ ምክንያት መኖሩ ተረጋግጦ ካልተፈቀደ በቀር አይቻልም።

ስለዚህ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በውጭ ያለው ወገን ወደ ሀገር ቤት መጥቶ ተክሊሉን ፈጽሞ፣ ጋብቻውን በክብር መዝገብ አስመዝግቦ፣ ከዚያ ለትዳር ጓደኛው ቪዛ ማመልከት ነው። ወላጆችና የንስሐ አባት በተገኙበት መጋባት ትልቅ በረከት አለው። ፈተናው ግን ቪዛው እስኪደርስ ባልና ሚስት ለረጅም ጊዜ መለያየታቸው ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ባለትዳሮች ለጸሎት ተስማምተው ለጥቂት ጊዜ ካልሆነ በቀር እንዳይለያዩ መምከሩን (1ኛ ቆሮ. 7፥5) አስበው፣ የቆይታውን ጊዜ አስቀድመው ሊመክሩበት ይገባል።

ሁለተኛው በእጮኝነት ሄዶ በዚያ መጋባት ነው። ለምሳሌ የአሜሪካ የእጮኛ ቪዛ የሚጠየቀው በአሜሪካ ዜጋ ነው። ማመልከቻው ከመግባቱ በፊት ባሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ እጮኛሞቹ በአካል መገናኘታቸውን ይጠይቃል፤ ከዚህ ነጻ የሚያደርገው ልዩ ምክንያት ብቻ ነው። እጮኛይቱ ከገባች በኋላም በ90 ቀናት ውስጥ ካመለከተላት ሰው ጋር መጋባት አለባት። በዚህ ላይ ብዙዎች የማያስቡት ነገር አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀናት ነው፤ በእርሱም ተክሊል አይፈጸምም። በጾሙ መግቢያ የደረሰች እጮኛ ለሥርዓቱ የሚቀራት 35 ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ የጕዞው ቀን ከመቈረጡ በፊት የአጥቢያውን ካህን ማማከር ያስፈልጋል። በሕግ ፊት መፈረም ከተክሊሉ መቅደም ግድ ቢሆንም፣ ፊርማው ተክሊሉን ስለማይተካ እስከዚያ በንጽሕና መቈየት ይገባል። በጀርመን ደግሞ በሕግ የሚጸናው ጋብቻ በመንግሥት መዝገብ ቤት የተፈጸመው ነው፤ ለትዳር ጓደኛ ቪዛም በአብዛኛው መሠረታዊ የጀርመንኛ ችሎታ ይጠየቃል።

ለመኖሪያ ፈቃድ ብቻ ተብሎ የሚደረግ ጋብቻ ግን በምሥጢር መቀለድ ነው። በአሜሪካ ሕግም እስከ አምስት ዓመት የሚያሳስር ወንጀል ነው።

ከጕዞው በኋላ

በባዕድ ሀገር አዲስ ሙሽራ ቋንቋ፣ ሥራና ዘመድ የላትም። ባሏ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን እንደ ወደዳት ሊወዳት ታዝዟል (ኤፌ. 5፥25)፤ ብቸኝነቷን መግዣ ሊያደርገው አይገባም። ፓስፖርቷና ሰነዶቿ በራሷ እጅ ይሁኑ። ከመሄዷ በፊት የአጥቢያውን ቤተ ክርስቲያንና አንድ የምታምናትን እኅት ትወቅ። ድብደባና ዛቻ እንደ መስቀል ተቈጥሮ በዝምታ የሚታለፍ አይደለም፤ ለካህኑም ለሕግም ይነገር። በአሜሪካ በጋብቻ ሁለት ዓመት ሳይሞላት የገባች ሚስት የምታገኘው የሁለት ዓመት ጊዜያዊ ፈቃድ ቢሆንም፣ በደል ከደረሰባት ያለ ባሏ ፊርማ ራሷ የምታመለክትበት መንገድ በሕጉ አለ። ወንዶችም ሚስታቸውን ተከትለው ሲሄዱ ያው ብቸኝነት ያገኛቸዋልና ምክሩ ለእነርሱም ነው።

ወላጆችም ልጃቸው ሄዳ ነገሩ እንደተነገራት ባይሆንና ከተክሊሉ በፊት ልመለስ ብትል፣ የተደገሰውን ድግስና የሰውን ወሬ ሳይሆን ነፍሷን ያስቡ። አብርሃም ሎሌውን ከመሐላ ነጻ ያወጣበትን በር በልጆቻቸው ላይ አይዝጉት።

የርብቃን መንገድ ያቀና አምላክ በርቀት ያሉ እጮኛሞችን መንገድ ያቅናልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።