ከመታጠቢያ ቤት የተሰማው የሙት ድምፅ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብሪታንያ ያደገው ትውልድ የልጅነቱን ዘፈኖች ሲያነሣ፣ ካስጨፈሩት ይልቅ ያስፈሩትን አስቀድሞ የሚጠራበት ጊዜ አለ። ከእነዚህም ዋነኛው ጆን ሌይተን የተባለው ወጣት ተዋናይ የዘፈነውና በ1961 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በነሐሴ መጨረሻ በሸክላ ሽያጭ አንደኛ የወጣው «ጆኒ ሪሜምበር ሚ»፣ ማለትም «ጆኒ አስታውሰኝ» ነው። ነፋስ በሚያፏጭበት ምድረ በዳ አንድ ብቸኛ ሰው ይቆዝማል፤ የሞተችው ፍቅረኛው ከሩቅ ስሙን እየጠራች እንዳይረሳት ትማጸነዋለች። ጊታሩ እንደ ፈረስ ግልቢያ ይጋልባል፤ የሴቲቱ ድምፅ ግን ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። ሕፃናቱን ያስደነገጠው ይኸው ነው።

ድምፁ የመጣው ከመታጠቢያ ቤት ነበር። የዘፈኑ ቀራጭ ጆ ሚክ በ1929 በግሎስተርሺር ገጠር ኒውወንት በምትባል ከተማ ተወለደ። በአየር ኃይል የራዳር ሠራተኛ ሆኖ አገለገለ፤ ከዚያም በለንደን ታላላቅ ስቱዲዮዎች በድምፅ ቀረጻ ሠራ። ከአሠሪዎቹ ጋር ባለመስማማቱ በሆሎዌይ መንገድ ቁጥር 304፣ ከአንድ የቆዳ ዕቃ መደብር በላይ ያለውን መኖሪያ ተከራይቶ የራሱን ስቱዲዮ አቋቋመ። እንደሚተረከው «ጆኒ» ሲቀረጽ ሌይተን በሳሎን ከመጋረጃ ጀርባ፣ ቫዮሊን ተጫዋቾቹ በደረጃው ላይ፣ የሙቷን ድምፅ የምታሰማው ሊሳ ግሬይ ደግሞ በመታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ነበሩ። የሸክላ ንጣፉ ግድግዳ ድምፅን መልሶ ያስተጋባል። ሚክ ይህን ማስተጋባት በራሱ በሠራቸው መሣሪያዎች ጨመረበት፤ አንዱን ቅጂ ከሌላው ላይ እየደረበም በክር ላይ ቀረጸው። የታላላቆቹ ኩባንያዎች መሐንዲሶች ድምፅን እንደ ተዘፈነ ለመያዝ ሲጥሩ እርሱ የትም ቦታ የሌለ ድምፅ ፈጠረ። የጥበቡ አዲስነት በዚህ ላይ ነው፤ የገበያው ስኬት ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

ግጥሙንና ዜማውን የደረሰው ጄፍ ጎዳርድ ነው። እርሱም ሚክም ከሙታን መናፍስት ጋር መነጋገር ይቻላል ብለው የሚያምኑ ነበሩ፤ በ1959 የካቲት 3 ቀን በአውሮፕላን አደጋ የሞተውን አሜሪካዊ ዘፋኝ በዲ ሆሊንም አብዝተው ያስቡት ነበር። እምነታቸውን እንደ ከንቱ ነገር አድርጎ ማለፍ ይቻላል። ሆኖም ሙት ይናገራል ብሎ ከልቡ ያመነ ሰው የሠራው ዘፈን ለማስደንገጥ ብቻ ተብሎ ከተሠራው መለየቱ አይቀርም።

የሙት መንፈስ በእንግሊዝ ዘፈን ውስጥ እንግዳ አልነበረም። ፍራንሲስ ጄምስ ቻይልድ ከ1882 እስከ 1898 ባሳተመው የሕዝብ ትረካ ዘፈኖች ስብስብ ውስጥ በ78ኛ ቁጥር የሚገኘው «ዕረፍት ያጣው መቃብር» ይህንኑ ጉዳይ ያነሣል። በመቃብር ላይ ዓመት ሙሉ የተቀመጠ አልቃሽ አለ፤ ሟቹ ግን ልቅሶው እንቅልፍ እንደ ነሣው ይናገራል። እንግዲህ የጥንቱ ሙት በቃህ ተወኝ ሲል፣ የ1961ዱ ሙት አትርሳኝ ይላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። በአሮጌው ዘፈን ውስጥ ሐዘን ከልክ ያለፈበት ሰፈር ይታያል፤ በአዲሱ ውስጥ ግን ሐዘን የጎደለበት።

ይህን መጉደል ጆፍሪ ጎረር የተባለው የማኅበረሰብ ተመራማሪ በ1965 ባሳተመው መጽሐፉ ገልጾታል። እንደ ጥናቱ ከሆነ በዘመኑ ብሪታንያ የልቅሶ ሥርዓት ተዳክሞ፣ ኀዘንተኛው ስሜቱን ደብቆ እንዲኖር ይጠበቅ ነበር፤ ብዙ ወላጆችም ስለ ሞት ለልጆቻቸው ምንም አይነግሩም ነበር። በቤት ውስጥ ያልተነገረውን ነገር ልጁ ከሬዲዮ ሰማው።

ሬዲዮውም ቢሆን በቀላሉ አልፈቀደም። በጊዜው በአገሪቱ ውስጥ ብቸኛው ፈቃድ ያለው የሬዲዮ ድርጅት ቢ.ቢ.ሲ. የሞት ዘፈኖችን አይወድም ነበር። በዚህም ምክንያት ሴቲቱ ከዓመት በፊት መሞቷን የሚናገረው ስንኝ ተለውጦ «አጣኋት» በሚል ፍቺ ተተካ፤ እንዲያም ሆኖ ዘፈኑ ከዕገዳ አላመለጠም። ሕዝብ ያወቀው በአንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ድራማ ውስጥ ሌይተን ራሱ ሲዘፍነው ነው። በ1960 «ቴል ሎራ አይ ላቭ ሄር» የተባለውን የሬይ ፒተርሰንን ዘፈን ዴካ ኩባንያ በብሪታንያ ሳያሠራጭ ተወው፤ ተቀናቃኙ ኩባንያ ግን ሪኪ ቫላንስ በተባለ ዘፋኝ አስቀርጾ አንደኛ አስወጣው። የአንዱ ኩባንያ ጨዋነት ለሌላው ትርፍ ሆነ ማለት ነው። በ1964ም የኒው ዮርኮቹ ልጃገረዶች ሻንግሪ-ላስ በሞተር ብስክሌት ጩኸት የሚያልቀውን «ሊደር ኦቭ ዘ ፓክ» ይዘው መጡ፤ እርሱም በቢ.ቢ.ሲ. ታገደ።

ዕገዳው ልጆቹን ከፍርሃት አላዳነም፤ እንዲያውም ፍርሃቱን ወደ ሌሊት አሻገረው። ከመሸ በኋላ በመካከለኛ ሞገድ በ208 ሜትር ከሉክሰምበርግ የሚሠራጨው ጣቢያ የተከለከለውን ያሰማ ነበር። ሞገዱ ጠፋ መጣ ይላል። በብርድ ልብስ ውስጥ ትንሽ ትራንዚስተር ጆሮው ላይ ለጥፎ ለሚያዳምጥ ልጅ የሙቷ ድምፅ መራቅና መቅረብ ከሚክ መሣሪያ ይሁን ከሰማዩ መለየት አይቻለውም።

ሚክ በ1962 ሳተላይት ያነሣሣውን «ቴልስታር» የተባለ ያለ ቃል የሆነ ሙዚቃ አወጣ፤ ሥራው በብሪታንያም በአሜሪካም አንደኛ ሆነ። ነገር ግን አንድ ፈረንሳዊ የዜማ ደራሲ ተሰርቆብኛል ብሎ ስለ ከሰሰው የደራሲነት ገቢው ታገደ። ዕዳና የአእምሮ ሕመም ተደራረቡበት። በ1967 የካቲት 3 ቀን፣ ይኸውም በዲ ሆሊ በሞተ በስምንተኛው ዓመት፣ አከራዩን በጥይት ገድሎ ራሱንም ገደለ። ዕድሜው 37 ነበር። የዘፈኖቹን ድንጋጤ ከዚህ ቀን ወደ ኋላ እየመለሱ የሚያብራሩ ጸሐፊዎች አሉ፤ ትክክል አይመስልም፤ ልጆቹ በ1961 የፈሩት ገና ያልሆነውን ነገር አልነበረም። ከሞቱ በኋላ ክሱ ለሚክ ተፈረደለት።

ከሞቱ በኋላ በመኖሪያው የተገኙት ከ1,800 በላይ የድምፅ ክሮች በሻይ ቅጠል ሣጥኖች ታጭቀው ተሸጡ፤ ገዢውም ለአሥርተ ዓመታት አስቀመጣቸው። በ2020 አንድ የለንደን የሸክላ ኩባንያ ገዛቸው፤ ያልተሰሙት ቅጂዎችም አንድ በአንድ መውጣት ጀመሩ።